አባትሽን የሚያማቸው በየትኛው በኩል ነው?

ልጄ፣ የ72 ዓመት አባትሽ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ካደከማቸው በኋላ የኮሌስትሮል ክኒን እንደታዘዘላቸው፣ አሁን ግን «እግሬን ቆረጠመኝ፣ አቅም አጣሁ» እንደሚሉ ጽፈሻል። ጎረቤት ደግሞ ክኒኑ አእምሮ ያደክማል ብሎ አስፈራርቷቸዋል። «ይተዉት ወይ?» ነው ጥያቄሽ። እኔ ስትሮክ የመታኝ፣ የኮሌስትሮል መድኃኒት ለዓመታት የወሰድኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ቁርጥማት ግን ጥቂት አውቃለሁ።

ከሁሉ በፊት «የሚያምዎት በየትኛው በኩል ነው?» በያቸው። ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጡንቻ ሲያሳምሙ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ጎን ነው፤ ጭን፣ ባት፣ ዳሌ፣ ትከሻ። የሚጀምረውም ብዙውን ጊዜ ክኒኑ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ ሰሞን ነው። በደከመው ጎን ብቻ የሚሰማ ሕመም ግን የስትሮኩ ትራፊ ሊሆን ይችላል፤ ጡንቻው ይገትራል፣ የትከሻ መጋጠሚያውም ይላላል። የእኔን ትከሻ ያሻለው ፊዚዮቴራፒ ነው። ድካሙም ቢሆን ከስትሮክ በኋላ የታወቀ ነገር ነው። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉን ድባቴ ያገኛቸዋል፤ የእኛ ዘመን ሰው ደግሞ «ከፋኝ» ማለት አይሆንለትም፣ «እግሬን» ነው የሚለው።

የእኔ ጭኖች ግን ሁለቱም ነበሩ የሚያሙኝ፣ ደረጃ መውጣት እስኪያቅተኝ ድረስ። ለደም ግፊት 10 ሚሊ ግራም አምሎዲፒን እየወሰድኩ ሳለ አንድ ክሊኒክ ሲምቫስታቲን የተባለውን ስታቲን 40 ሚሊ ግራም ጨመረልኝ። አምሎዲፒን ሲምቫስታቲን በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው ከ20 ሚሊ ግራም ሲምቫስታቲን እንዳያልፍ አስጠንቅቋል። ይህን ያየልኝ መድኃኒት ልገዛ ስሄድ ሁለቱንም ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ያገኘ ወጣት ፋርማሲስት ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ሐኪሜ ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ኢንዛይምና ታይሮይዴን አስመርምሮ (የታይሮይድ ማነስ ራሱ ጡንቻ ያሳምማል፣ ኮሌስትሮልም ከፍ ያደርጋል) ክኒኑን ወደ ሮዙቫስታቲን ቀየረው። ጭኔ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ስለዚህ አባትሽ የሚወስዱትን ሁሉ፣ የሽፈራውን ዱቄትና ጥቁር አዝሙዱን ሳይቀር፣ በአንድ ፌስታል አድርገሽ ለሐኪሙ አሳዪ። ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘላቸውም ስታቲን እንደሚወስዱ ቀድመሽ ተናገሪ።

ለምን ዝም ብለው አይተዉትም? እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ስፓርክል የተባለ ጥናት ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ ስትሮክ የነበረባቸውን 4,731 ሰዎች ለአምስት ዓመት ያህል ተከታትሏል። ባዶ ክኒን (መድኃኒት የሌለበት) ከወሰዱት 13.1 በመቶው፣ 80 ሚሊ ግራም አቶርቫስታቲን ከወሰዱት 11.2 በመቶው እንደገና ስትሮክ መታቸው። ልዩነቱ ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። አንዴ የወደቀ ሰው ግን ሁለተኛውን መውደቅ እንዲህ በቀላሉ አያየውም። በዚያው ጥናት መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የአንጎል ደም መፍሰስ በመጠኑ በርክቷል፤ ስለዚህ አባትሽን የመታቸው ደም በመርጋት ይሁን በመፍሰስ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቂ። ደም በመፍሰስ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው።

ወደ ጎረቤታችሁ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ፕሮስፐር የተባለው ጥናት ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 82 የሆኑ 5,804 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ስታቲን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል በማስታወስና በማሰብ ችሎታ ልዩነት አላገኘም። አእምሮን የሚጎዳው ስትሮኩ ራሱ ነው። ከዚህም የሚገርመው በእንግሊዝ አገር የተደረገው ነው፦ በሕመም ምክንያት ስታቲን የተዉ 60 ሰዎች አንዳንዱን ወር ስታቲን፣ አንዳንዱን ወር ባዶ ክኒን፣ አንዳንዱን ወር ምንም ሳይወስዱ ቆዩ። በባዶው ክኒን ወር የተሰማቸው ሕመም ከስታቲኑ ወር ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ሕመሙ እውነተኛ ነበር፤ ያመጣው ግን በአብዛኛው የመዋጡ ሥጋት ነው። ጎረቤታችሁ ለቡና ሲመጡ ሌላ ወሬ ይዘው ቢመጡ ደስ ይለኛል።

አባትሽ ጿሚ ከሆኑም አይቸገሩ። አቶርቫስታቲንና ሮዙቫስታቲን በየትኛውም ሰዓት ስለሚወሰዱ ጾሙን ከፈቱ በኋላ ይዋጧቸው፤ ሲምቫስታቲን ማታ ነው። «በጾም ቅቤ የለ፣ ክኒኑ ምን ሊያደርግ?» የሚሉትን አትስሚ። ሥጋ የማይቀምስ ሰውም ጉበቱ ኮሌስትሮል ይሠራል።

ቁርጥማቱ የክኒኑ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ በሌላ ስታቲን ሊቀይር ወይም አነስተኛ መጠን ሰጥቶ ኢዜቲማይብ የሚባል ሌላ የኮሌስትሮል መድኃኒት ሊጨምርበት ይችላል። ሽንታቸው እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ከወንበር መነሳት ካቃታቸው ወይም ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጃቸው።

የክኒኑን ስምና መጠን አልጻፍሽም፤ የግፊት መድኃኒታቸውንም እንዲሁ። ከካርቶኑ ላይ አንብበሽ ላኪልኝ፣ ሕመሙ ከክኒኑ በፊት ይሁን በኋላ እንደጀመረም አክይበት።