ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ የመጡ ልጆችና የዜግነት ሰነዳቸው፦ ጥያቄና መልስ

ከአሳዳጊ ወላጆችና ኢትዮጵያ ካሉ ዘመዶች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ቀጥሎ ያለውን መልስ ሰጥቻለሁ። ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ልጃችንን በ2008 ከአዲስ አበባ ስናመጣት የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች። አሁን ለኮሌጅ የዜግነት ማስረጃ ስትጠየቅ በእጃችን የተገኘው ቀኑ ያለፈ ግሪን ካርድ ብቻ ነው። ዜጋ ናት?

መልስ፦ አስቀድማችሁ በኢትዮጵያ ፓስፖርቷ ላይ የተለጠፈውን ቪዛ ተመልከቱ። ከፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 ጀምሮ የጸናው የልጆች ዜግነት ሕግ እንደሚለው፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በቋሚ ነዋሪነት ገብቶ፣ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ወላጁ ጋር በእርሱ ሕጋዊ ጥበቃ ሥር እየኖረ፣ ጉዲፈቻውም ሙሉ በሙሉ ከጸደቀ፣ ማመልከቻ ሳያስፈልገው ዜግነት ያገኛል። ቪዛው አይአር-3 ከሆነ ጉዲፈቻው ያለቀው ኢትዮጵያ ውስጥ ስለሆነ ልጅቱ አሜሪካ በገባችበት ዕለት ዜጋ ሆናለች። አይአር-4 ከሆነ ግን የሚላክላት ግሪን ካርድ ነው፤ ዜግነቷም የሚጀምረው የምትኖሩበት ስቴት ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ዳግም ካጸደቀበት ወይም ስቴቱ የኢትዮጵያውን ውሳኔ ከተቀበለበት ጊዜ አንሥቶ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ቤተሰቦች አሜሪካ እያሉ የኢትዮጵያው ፍርድ ቤት በወኪል አማካይነት ይወስን ስለነበር አይአር-4 የተለመደ ነበር፤ ግሪን ካርድ መያዟም ወደዚያው ያመለክታል። የካርዱ ቀን ማለፉ ብቻውን ዜግነቷንም ሆነ ነዋሪነቷን አይሽርም።

ስለዚህ የምትፈልጉት ሰነድ 18 ዓመት ሳይሞላት የተሰጠ የስቴት ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ከተገኘ በኤን-600 ቅጽ የዜግነት ምስክር ወረቀት መጠየቅ ይቻላል፤ አሁን 18 ዓመት ማለፏም አያግድም። ጉዲፈቻው በስቴቱ ሳይጸድቅ ዕድሜዋ ካለፈ ግን እንደማንኛውም ቋሚ ነዋሪ ዜግነት በሚጠየቅበት የኤን-400 ቅጽ ማመልከት ሊኖርባት ስለሚችል፣ ከዚያ በፊት ለመራጭነት እንዳትመዘገብ አደራ፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው ድምፅ መስጠቱ ከአገር እስከመባረር ያደርሳል።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ፓስፖርት ካለው የምስክር ወረቀቱ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ፓስፖርት ጊዜው ያልፋል፣ የምስክር ወረቀቱ አያልፍም። ፓስፖርቱን የሚሰጠው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሲሆን የኢሚግሬሽኑ መዝገብ ሌላ፣ የሶሻል ሴኩሪቲውም ሌላ ነው፤ አንዱ ሲታረም ሌላው ራሱን አያርምም። ፓስፖርቱን ይዛችሁ ሄዳችሁ የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገቡ «ዜጋ» እንዲል አስደርጉ። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ብዙ የጉዲፈቻ ልጆች ከኤን-600 ክፍያ ነጻ ስለሆኑ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የክፍያውን ሠንጠረዥ እዩ።

ጥያቄ፦ የልደት ቀኑ በሰነዱ ላይ ስሕተት ነው። ይታረማል?

መልስ፦ ይታረማል። በ2014 የወጣ ሕግ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በስቴት ፍርድ ቤት የታረመን ስምና የልደት ቀን ተቀብሎ የምስክር ወረቀቱን እንዲያስተካክል ያዛል። ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ግን የአማርኛውን ሰነድ አንብቡ ወይም አስነብቡ፤ ስሕተቱ የትርጉም ብቻ ሊሆን ይችላል። መስከረም 1 ቀን 1998 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2005 ሆኖ ሳለ፣ በየወሩ ሁሉ ስምንት የሚደምር ተርጓሚ 2006 ብሎ ልጁን በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ የሚደመረው ሰባት ነው።

ጥያቄ፦ የእኅቴ ልጅ በአሜሪካውያን ጉዲፈቻ ሄዳ አሁን 22 ዓመቷ ነው። ወላጅ እናቷን በቤተሰብ ልታስመጣ ትችላለች?

መልስ፦ አትችልም። ሕጉ የወላጅ እናትና አባት በዚህ ልጅ በኩል ምንም ዓይነት የኢሚግሬሽን መብት እንዳያገኙ በግልጽ ከልክሏል፤ የልጅቱ ዜግነትና ዕድሜም ይህን አይለውጠውም። እናቲቱ በራሳቸው የጉብኝት ቪዛ መጠየቅ ይችላሉ። «ልጅዋ ስላለች እኛ እንጨርስላችኋለን» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ካጋጠማችሁ ግን አትክፈሉት።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ በ2018 ለውጭ አገር ሰዎች የሚሰጥ ጉዲፈቻን ከልክላለች። የቀደመው ይፈርሳል? ልጃችንስ ቢጫ ካርድ ያገኛል?

መልስ፦ ክልከላው ቀድሞ የጸደቀውን አያፈርስም። ቢጫ ካርዱ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሚሰጥ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፤ ቀድሞ የኢትዮጵያ ዜጋ የነበረ ሰው ሊጠይቀው ይችላል። ለዚህም የድሮው የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀቱና የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጠቃሚ ማስረጃ ስለሚሆኑ፣ ቀኑ አልፏል ተብሎ ፓስፖርቱ እንዳይጣል።