ክፉ ሐሳቡን በአደባባይ የተናገረን ሰው እንዴት እንቀበለው?

ጥያቄ፦ የፊልም ተዋናዩ ሊያም ኒሰን በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር ተናገረ። ከብዙ ዓመታት በፊት ወዳጁ ተደፍራ፣ ደፋሪው ጥቁር እንደነበር ስትነግረው፣ የሚተናኮለው አንድ ጥቁር አግኝቶ ለመግደል እየተመኘ ዱላ ይዞ ለሳምንት ያህል ይዞር ነበር። «ጀግና ነው» ያሉም «አይማርም» ያሉም አሉ። እኔም በአንድ ሰው በደል ምክንያት አንድን ወገን ሁሉ በልቤ የጠላሁበት ጊዜ ነበር። በአደባባይ ልናገር?

መልስ፦ እኅታችን፣ «ሐሳብ ብቻ ነው» የሚለውን እንለፈው፤ ወንድሙን የሚጠላ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ እንደሆነ ቅዱስ ዮሐንስ ጽፏል (1ዮሐ. 3፥15)። ደግሞም ዱላ ይዞ የወጣ ሰው ሐሳቡን አልፏል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመን ስሕተት «ተናዘዘ፣ አለቀ» ማለት ነው። ዘኍልቍ 12ን አንብቢ። የሙሴ እኅትና ወንድም፣ ማርያምና አሮን፣ ሙሴን በኢትዮጵያዊቱ ሚስቱ ምክንያት አሙት፤ ማርያም ለምጻም ሆነች። አሮን በደላቸውን አመነ፣ የታማው ሙሴም ራሱ ጸለየላት። ያም ሆኖ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ቆየች፤ ሕዝቡም እስክትመለስ አልተጓዘም። በሦስተኛው ቀን «ይበቃታል» ብሎ የጠራት የለም፤ ድንኳኑን ነቅሎ ጥሏት የሄደም የለም። ዛሬ ግን ግማሹ በመጀመሪያው ቀን በር ይከፍታል፣ ግማሹ ጓዙን ይጭናል። ኢትዮጵያዊቱን «አንቺስ ይቅር አልሻት?» ብሎ ያስጨነቃት ሰው እንደነበረም አልተጻፈም። ጥቁር የሥራ ባልደረባቸውን በዚህ ጥያቄ የሚያፋጥጡ ልብ ይበሉ።

ተዋናዩ ያን ጊዜ ለካህን መናዘዙን ተናግሯል፤ መልካም። ነገር ግን በማግስቱ በቴሌቪዥን ቀርቦ «ዘረኛ አይደለሁም» አለ። ንስሐ የገባ ሰው ለራሱ ፍርድ አይሰጥም። የሴቲቱን ቁስልም የኑዛዜው መንደርደሪያ አደረገው። ከሳምንታት በኋላ ንግግሩ ሰው እንደጎዳ ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ። ሰባቱ ቀን እንግዲህ ከዚያ ይቆጠር፤ በእነዚያ ቀናት የምናየው እንባውን ሳይሆን ሥራውን ነው፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ እንዳለው (ሉቃ. 19፥8)።

ወደ አንቺ ስንመጣ፦ በልብሽ የቀረውን ለንስሐ አባትሽ እንጂ ለፌስቡክ አትንገሪ። የሰማው ሰው በከንቱ ይቆስላል። በአደባባይ የተናገርሽው ካለ ግን ማጥፋት አይበቃም፤ በሰሙት ሰዎች ፊት አርሚው። ስትናዘዢ የትኛውን ወገን እንደጠላሽ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በዚያ ምክንያትም ምን እንዳደረግሽ ተናገሪ፤ ቤት መከልከል፣ የልጅን ጋብቻ ማፍረስ፣ በስድብ ቀልድ መሳቅ ሁሉ ይቈጠራል። በበደለሽ ሰው ታሪክ አትጀምሪ፤ ኑዛዜው ወዲያው ክስ ይሆናልና። የሚሰጥሽ ቀኖና ስግደት ብቻ ከሆነ፣ ከዚያ ወገን ሰዎች ጋር የሚያገናኝሽ የምጽዋት ሥራ እንዲጨምሩልሽ ለምኚ።

ሐሳቡ ተመልሶ ይመጣል፤ አትደንግጪ። በመጣ ሰዓት ከዚያ ወገን የምታውቂውን አንድ ሰው በክርስትና ስሙ፣ ካላወቅሽው በሚጠራበት ስም እያነሣሽ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚለት።