የአገራችን ዘንባባ ወይስ ሮያል ፓልም? ለግቢ ተካዮች ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ባለፈው ሰሞን «ስለ ዘንባባ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው ግን አንድ ነገር ላይ ያርፋል፤ ግቢዬ ውስጥ የአገራችንን ዘንባባ ልትከል ወይስ ሮያል ፓልም? ሁለቱንም ለዓመታት ከዘር አብቅያለሁ፣ ነቅዬ አዛውሬያለሁ። ያጠፋኋቸውም አሉ። የማውቀውን እነሆ።

ጋሼ፣ ሁለቱን በምን ልለያቸው? ሻጩ ሁሉንም «ፓልም» ነው የሚለኝ።

የቅጠሉን ዘንግ ወደ ግንዱ ጠጋ ብለህ ዳስሰው። የአገራችን ዘንባባ፣ በሳይንስ ስሙ ፊኒክስ ሬክሊናታ፣ እዚያ ጋ መርፌ የመሰለ እሾህ አለው። ሮያል እሾህ የለውም። በጣም ትንሽ ሳሉ የሁለቱም ቅጠል እንደ ሣር ስለሆነ ያሳስታል። ስለዚህ ቅጠሉ መሰንጠቅ የጀመረውን ችግኝ ግዛ።

ካደጉ በኋላ አይምታቱም። ሮያል አንድ ግንድ ብቻ ነው። ግራጫ ነው፣ የተለሰነ ምሰሶ ይመስላል፣ አናቱ ላይ ለስላሳ አረንጓዴ አንገት አለው። የትውልድ አገሩ ኩባና አካባቢዋ ነው፤ ከ20 ሜትር በላይ ይሄዳል። የአገራችን ግን ቤተሰብ ሆኖ ነው የሚኖረው። ከአንድ ስር ብዙ ግንድ ያወጣል፣ ግንዶቹም ወደ ውጭ ጎንበስ ይላሉ። ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ሜትር እምብዛም አይርቅም።

ቤቴ ሽምብጥ ሰፈር ነው። አፈሩ ዋልካ፣ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። የትኛው ይሻለኛል?

የአገራችን፣ ያለ ምንም ማመንታት። እሱ የወንዝ ዳርና የረግረግ ልጅ ነው። እግሩ ውሃ ውስጥ ቢቆም አይደነግጥም። ሮያልም ውሃ ይወዳል፤ ግን ችግኝ ሳለ የተኛ ውሃ ስሩን ያበሰብስበታል።

የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። አንድ ዓመት ዋልካ መሬት ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ጥሩ ኮምፖስት ሞልቼ አራት ሮያል ተከልኩ። በደንብ የተዘጋጀ መስሎኝ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ጉድጓዱ ገንዳ ሆነ። ዋልካው ውሃውን አላሳልፍም አለ። ነሐሴ ላይ መሃል ያለውን ያልተፈታ ቅጠል ሳብ ሳደርገው ተመዞ እጄ ላይ ቀረ። ጫፉ ቡናማ ነበር፣ ይሸታል። አራቱም በዚያው ሄዱ።

ስለዚህ ዋልካ ላይ ሮያል ካልተከልኩ ካልሽ አትቆፍሪ፤ ከምሪ። ከመሬቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሰፊ ክምር ሠርተሽ እዚያ ላይ ትከይ። ውሃው የሚወጣበት ቦይም አብጂለት።

ከቤቱ ምን ያህል ይራቅ? ስሩ መሠረት አይሰነጥቅም?

ስሩ አያሳስብህ። የዘንባባ ስር እንደ ዋርካ እየወፈረ አይሄድም፤ ክር ክር እንዳለ ነው የሚኖረው። የሮያል ጣጣው ከላይ ነው። ያረጀ ቅጠሉ ራሱን ፈትቶ ይወድቃል። ቅጠሉ እስከ 4 ሜትር ይረዝማል፣ ከባድ ነው። ቆርቆሮ ላይ ወይም መኪና ላይ ሲያርፍ ያጎብጣል። ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ባይተከል ደስ ይለኛል። ቢያንስ 4 ሜትር አርቀው።

የአገራችን በተቃራኒው የደረቀውን ቅጠል አይጥልም፤ አንተ ነህ የምትቆርጥለት። እሾሁ ስለሚወጋ ወፍራም ጓንት አድርግ። መግቢያ በር አጠገብም አትትከለው።

ከእናቴ ግቢ ካለው ዘንባባ ልጅ ነቅዬ መትከል እችላለሁ?

የአገራችን ከሆነ ትችያለሽ። ሮያል ልጅ አያወጣም፤ እሱ በዘር ብቻ ነው።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። አራት አምስት ቅጠል ያለው፣ ከጉልበት የማያልፍ ልጅ ምረጪ። ዙሪያውን አፈሩን በእጅሽ ግለጪ። ከእናቱ ጋር የተያያዘበት አንገት ይታይሻል። የራሱ ስር ከሌለው መልሰሽ ሸፍኚው፣ ጊዜው አልደረሰም። ስር ካለው አንገቱን በተሳለ ድጅኖ በአንድ ምት ቁረጪው። አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ በዚያው ቀን አትንቀዪው። አፈሩን መልሺና ሁለት ሦስት ወር እዚያው ተዪው፤ ብቻውን መብላት ይልመድ። ለምሳሌ መጋቢት ላይ ከቆረጥሽ ሰኔ ላይ ከነአፈሩ ታነሺዋለሽ። ቅጠሉን ግማሽ ከርክሚ፣ ጥላ አድርጊለት። በሦስት አንዱ ቢሞትብሽ አትዘኚ፣ ሁላችንም ጋ ይሞታል።

የእኔ ዘንባባ አሥር ዓመት ሆነው፣ ፍሬ የለውም።

ወንድ ይሆናል። የአገራችን ዘንባባ ወንዱና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ነው። ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት፤ እሷም አቅራቢያ ወንድ ትፈልጋለች። ሮያል ሁለቱንም አበባ በአንድ ዛፍ ላይ ይይዛል።

የታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ነው። ቆረጥኩት፣ ባሰበት።

መቁረጡን ተው። ብዙ ጊዜ ፖታሲየም የሚባለው የተክል ምግብ እጥረት ነው። ዛፉ ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ አዲሱን ይመግባል። አንተ ስትቆርጥበት ስንቁን ቀማኸው፤ ከቀጣዩ ቅጠል መውሰድ ይጀምራል። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቅ።

የበሰበሰ ፍግ ዙሪያውን በትን፣ ግንዱን ግን አታስነካው። የምድጃ አመድ ፖታሲየም አለው፤ በዓመት አንድ ሁለት እፍኝ ይበቃል። ከበዛ አፈሩን ይለውጥና ሮያል ማንጋኒዝ የሚባለውን ሌላ ምግብ ያጣል። ያን ጊዜ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ተኮማትሮ፣ የተቃጠለ መስሎ ይወጣል። ያ ከቢጫው የከፋ ነው።

እምቦጭ አድርቄ ጉዝጓዝ ላድርገው? ጣና ዳር በሽ ነው።

በዚህ ላይ ጠንከር እላለሁ። ያበበ እምቦጭ ወደ ግቢ አታምጡ። ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይተኛል። ቦያችሁ ደግሞ መልሶ ወደ ሐይቁ ነው የሚፈሰው። የሣር ድርቆሽ ወይም የጤፍ ጭድ ይበቃችኋል።

ለሆሳዕና ሰፈሩ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ዛፉ አይጎዳም?

እማማ፣ እንኳን መጡ በሏቸው። እንደ አቆራረጡ ነው። ለቀለበትና ለመስቀል የሚፈለገው ገና ያልተፈታው ፈዛዛ ቅጠል ነው። እሱ የሚወጣው ከዛፉ ልብ ነው፤ ልቡ ከተነካ ያ ግንድ አለቀለት። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ግንድ አንድ ብቻ፣ ያውም ከፍ ብሎ ይቆረጥ። ልጆቹ ገጀራ ይዘው ራሳቸው እንዲወጡ አይፍቀዱ፣ አንድ ጎልማሳ ይቁረጥላቸው። የተከፈተውም ቅጠል ለማንጠፍና ለመያዝ ይሆናል። አምስት ግንድ ያለው ዘንባባ ይህን በየዓመቱ ይችለዋል። ሮያል ላይ ግን ማንም እንዳይሞክረው፤ አንድ ልብ ነው ያለው።

ቶሎ አድጎ ጎልቶ የሚታየኝ የትኛው ነው?

ሮያል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት ይዘገያል፣ ከዚያ ይፈናጠራል። ግን በጋውን ካጠጣኸው ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስጠው። እኛ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ የታኅሣሥ ሌሊት ቀዝቀዝ ስለሚል ያን ጊዜ እድገቱ ቢቆም አትደንግጥ።

መብራት ግንዱ ላይ በሚስማር ላያይዝ?

አይሆንም። የዘንባባ ግንድ ቁስሉን አይጠግንም፤ ቀዳዳው እስከ ዕድሜው ይኖራል። በገመድ ላላ አድርገህ እሰር።

ሮያሉ የመብራት ገመድ ሊነካብኝ ነው። አናቱን ብቆርጠውስ?

አናቱ ከተቆረጠ ሞተ። ቅርንጫፍ አያወጣም፣ ከጎንም አያቆጠቁጥም። ገና ግንዱ አጭር ከሆነ በክረምት መግቢያ ከነአፈሩ ተነቅሎ ሊዛወር ይችላል፤ አራት ሰውና አንድ ቀን ይፈልጋል። ገመዱ አጠገብ ግን መሰላል አታቁም። ከመሬት ቆመህ የግንዱን ዙሪያ ለካና ጻፍልኝ፤ መነሳት ይችል እንደሆነ እነግርሃለሁ።