የእንቁጣጣሽ የዜማ ውድድር ካለቀ በኋላ እውነተኛ አስተያየት እንዴት ይገኛል (ረዘም ያለ መልስ)

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። «ለእንቁጣጣሽ ከጓደኞቼ ጋር የዜማ ድርሰት ውድድር አዘጋጅተን ነበር፣ ለፍቅር ነው እንጂ ለገንዘብ አይደለም፣ ለሚቀጥለው እንዲሻሻል ብዬ 26 ሰው ጋ ፎርም ልኬ 5 ሰው ብቻ መለሰልኝ፣ አምስቱም በጣም አሪፍ ነበር በርቱ ነው ያሉት፣ ምን ላርግ» ነው ያልሽው። ሳቄ መጣ፣ በአንቺ አይደለም በራሴ ነው፣ ምክንያቱም እኔም ልክ እንደዚሁ ነው የጀመርኩት። እኛም እዚሁ ባህር ዳር በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ተመሳሳይ ነገር እናረጋለን፣ ኪቦርድ ሚጫወት አለ፣ ክራር አለ፣ ማሲንቆ አለ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር ቢት ሚሰራ ልጅ አለ፣ ሁሉም ሁለት ደቂቃ የሆነች አዲስ ዜማ ሰርቶ ይልካል ከዛ ተሰብስበን እንሰማለን። አራት ዙር አርገናል። ከአራቱ ሁለቱ ላይ የሰበሰብኩት አስተያየት ምንም አልጠቀመኝም ብልሽ አልዋሸሁም።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ 22 ጥያቄ ያለው ጎግል ፎርም ሰራሁ። ከ1 እስከ 5 ስጥ ሚል። አዘገጃጀቱ እንዴት ነበር፣ ዳኝነቱ እንዴት ነበር፣ ቦታው እንዴት ነበር ምናምን። ሁሉም 5፣ 5፣ 5። እኔም ደስ ብሎኝ ስክሪንሹት አርጌ ለአዘጋጆቹ ላኩት፣ ልብ ሁላ አረኩበት። በሚቀጥለው ዓመት ካለፉት 19 ሰዎች ስንት ተመልሶ መጣ? 8። አምስት የሰጠኝ ሰው ነው እኮ የቀረው!

ነገሩ ይሉኝታ ነው በቃ። ተጋብዞ ቤትሽ መጥቶ ወጥሽ ጨው በዝቶበታል ሚል እንግዳ አይተሽ ታውቂያለሽ? ውድድሩም ያው ግብዣ ነው፣ ጠሪዋ አንቺ ነሽ፣ ተጠሪው ደግሞ ነገ ገበያ ላይ ያገኝሻል። እና ቁጥር ስጠኝ ካልሽው ትልቁን ቁጥር ነው ሚሰጥሽ። በዛ ላይ ጎጃም ተቀምጠን ሰው ሁሉ ሰምና ወርቅ ነው ሚያወራው፣ «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ረዘመ እንጂ» ካለሽ ጥሩ ነው ሚለው ሰሙ ነው፣ ወርቁ ሰለቸኝ ነው።

አይኔን የገለጠልኝ ግን ፎርም ያልደረሰው ልጅ ነው። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ጣና ዳር ቆሮሶ ጥብስ እየበላን አንድ ዋሽንት ሚነፋ ልጅ አገኘሁ፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ተመዝግቦ ነበር ግን ምንም ስራ አልላከም። ፎርሙን የላኩት ስራ ላስገቡት ብቻ ስለነበር እሱን ማንም ጠይቆት አያውቅም። እንዲሁ ለወሬ ያህል «ምነው ጠፋህ» አልኩት። «እናንተ እኮ ዋሽንት አትፈልጉም» አለኝ። እንዴት ብዬ ብጠይቀው ለካ ደንባችን ላይ «ሁሉም ስራ በሲ ይሁን» (ሲ ማለት ዜማው ሚነሳበት መሠረታዊ ድምፅ፣ C ነው) ሚል አንድ መስመር አለ፣ እኔ ነኝ የጻፍኳት፣ በኋላ አንድ ላይ ለመጫወት እንዲመቸን ብዬ። ኪቦርድ ተጫዋች ስለሆንኩ ለኔ ምንም አይደለም፣ አንድ ቁልፍ ተጭኜ ትራንስፖዝ አረጋለሁ፣ ሙሉ ዜማውን ወደ ሌላ ድምፅ አዛውራለሁ ማለት ነው። ዋሽንት ግን አንዴ ቀዳዳው ከተበሳ ድምፁ ያው ነው፣ ለዛም እኮ ነው ዋሽንት ነፊዎች ለየቅኝቱ ሚሆን ብዙ ዋሽንት ይዘው ሚዞሩት። እሱ ያለው ሁለት ነው፣ ሁለቱም ሲ ላይ አይቀመጡም። ክራሩም ቢሆን እንደ ዘፋኙ ድምፅ ነው ሚቃኘው፣ ደራሲዋ ራሷ ምትዘፍን ከሆነ ሲ ላይ ጉሮሮዋን ነው ምትሰነጥቀው። እኔ በአንድ መስመር ግማሹን የባህል መሳሪያ በር ዘግቼበት ኖሮ 5 ከ5 ተሰጠኝ ብዬ ስፎክር ነበር። ቆሮሶው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይሄ ነው፣ ላስገቡት ሳይሆን ላላስገቡት ደውይ። ተመዝግቦ የቀረ፣ ደንቡን ጠይቆ የጠፋ፣ ጀምሮ የተወ። ዝርዝሩ ቴሌግራምሽ ውስጥ አለ፣ ወደ ላይ ሳቢና «መግባት እችላለሁ?» ብሎ ጽፎ ከዛ ዝም ያለውን ሁሉ ልቀሚ። ደግሞ ቴክስት አይደለም፣ ደውይ። «ለምን አላስገባህም» ብለሽ እንዳትጀምሪ ብቻ፣ እሱ ወቀሳ ነው ሚመስለው፣ ወዲያው ስራ በዝቶብኝ ነው ይልሻል። «የጀመርካት ነገር ነበረች? የት ደርሳ ነበር?» በይው። ሰው ስለጀመራት ዜማ ማውራት ይወዳል፣ እያወራ ራሱ የቆመበትን ቦታ ይነግርሻል።

ላስገቡትም ቢሆን ጥያቄውን ከሀሳብ ወደ ሆነው ነገር መልሺው። «ደንቡ ግልፅ ነበር ወይ» ካልሽ አዎ ነው መልሱ። እኔ አሁን ምጠይቀው አራት ነገር ብቻ ነው፣ ስንት ቀን ሰራሽበት፣ የቱ ጋ ስትደርሺ ልትተዪው ነበር፣ ደንቡን አንብበሽ ለማን ደውለሽ ጠየቅሽ፣ ስራሽን ካቀረብሽ በኋላ ለማን ላክሽው። ሶስተኛዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። አንዷ ልጅ ስትመልስ «ትዝታ ስትሉ ሜጀሩን ነው ማይነሩን ብዬ ለሶስት ሰው ደወልኩ፣ ሶስቱም የተለያየ ነገር ነገሩኝ» አለች። ደንባችን «ከአራቱ ቅኝቶች በአንዱ፣ ትዝታ ባቲ አምባሰል ወይ አንቺሆዬ» ይላል፣ በቃ። ግን ትዝታ ሁለት ነው እኮ፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ሚሄደው ሜጀሩ አለ፣ ሚውን እና ላውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አርጎ ሆድ ሚያባባው ማይነሩ አለ፣ ባቲም እንደዛው ሁለት መልክ አለው። ከዳኞቹ አንዱ ደግሞ ማይነሩን ሰምቶ «ከቅኝት ወጥቷል» ብሎ ነጥብ ቀንሶባታል! እሷ ፎርሙ ላይ ዳኝነቱን ስንት ሰጠችው? 5። ይሄንን መቼም አልረሳውም።

ቦታና ሰዓትን በተመለከተ፣ ማዳመጫውን ምናረገው ማታ ነበር። ሴቶቹ ለምን እንደሚያንሱ ስጠይቅ የነበረው «ሴት የዜማ ደራሲ የለም» ሚሉትን ወንዶች ነው፣ እኔም ጅል። አንዷን ስጠይቃት «ስትጨርሱ መሽቶ ባጃጅ አላገኝም» አለችኝ፣ አለቀ። እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት አረግነው፣ ሴቶቹ ከሶስት ወደ ዘጠኝ ሆኑ።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፣ ምክንያቱም ከፎርም ሁሉ የበለጠኝ እሱ ነው። ውድድሩ ካለቀ በሳምንቱ አምስት ስድስት ሰው ብቻ ቡና ትጠሪያለሽ፣ ሁሉንም አይደለም፣ ከብዙ ሰው ፊት ማንም አይናገርም። አቦል ላይ ሁሉም ያመሰግናል፣ ዝም ብለሽ አመስግኚ። ቶና ላይ «ግን እኮ...» ይጀመራል። እዚህ ጋ አዘጋጇ መውጣት አለባት። የምሬን ነው፣ እኔ ቶና ሲቀዳ «ስልክ ልመልስ» ብዬ ወጥቼ ሀያ ደቂቃ ዘንባባ ስር እቆማለሁ። ውስጥ ውድድሩ ማይመለከታት፣ ሁሉም ሚያከብራት አንዲት እህት ትቀመጥና ማን ምን እንዳለ ስም ሳትጽፍ ማስታወሻ ትይዛለች። በረካ ላይ ተመልሼ ስገባ ፊታቸው ሁላ ቀሎት አገኛቸዋለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ማስታወሻውን ሳነበው «አዘጋጁ ስራ ከመሰማቱ በፊት እሱ ራሱ ስለ ሙዚቃ ሩብ ሰዓት ያወራል» ይላል። ትንሽ ከፋኝ። ግን እውነት ነበር፣ አሁን ሁለት ደቂቃ ነው ማወራው (እዚህ ግን ማንም አያቆመኝም)።

ስለ ዜማዎቹ ራሳቸው ሚሰጠው አስተያየት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ከላይኛው ጋ አንድ ላይ አትቀላቅዪው። ሁለተኛው ዙር ላይ ስራዎቹን ሁሉ ግሩፑ ላይ ለቀን ኮሜንት ስጡ አልን። አንዱ ለአንድ የ17 ዓመት ልጅ ስራ «ይሄ ዜማ ሳይሆን ሪንግቶን ነው» ብሎ ጻፈ፣ ከስሩ 14 ሰው ሳቀ፣ ልጁ በዛው ማታ ግሩፑን ለቆ ወጣ። አባብለን ለመመለስ አንድ ዓመት ፈጀብን። ከዛ ወዲህ ኮሜንት ሁሉ ለአንድ ሰው በውስጥ ነው ሚላከው፣ እሱ ስድቡን ብቻ አውጥቶ ጥሎ ቀሪውን ለባለቤቱ ያደርሳል። ስድቡን ብቻ አልኩ፣ ትችቱን ማለዘብ የለበትም፣ ለስልሶ ሚደርስ ትችት ከበርቱ አይሻልም። ደግሞ «ሁለት ነገር ጻፉ፣ ጆሮህን የያዘህ ስንተኛው ሰከንድ ላይ ነው፣ የሰለቸህስ ስንተኛው ላይ ነው» እንላለን። ሰከንድ መጻፍ ሰውን ከመሳደብም ከማሞካሸትም ያድነዋል። ሰባት ሰው 0:48 ላይ ሰለቸኝ ካለ ደራሲው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንድ ቅኔ ቤት የቆየ ልጅ አለን፣ ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ያስቀዋል፣ ቅኔ ቤት ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ እየነገረ ፊት ለፊት እየታረመ ነው ሚያድገው። ልክ ነው፣ ግን እዛ ሚያርመው መምህር ነው፣ እዚህ ሪንግቶን ያለው ልጅ ራሱ አንድም ስራ አስገብቶ አያውቅም።

ስም ደብቀሽ ምታሰሚ ከሆነ አንድ ነገር ተጠንቀቂ፣ ፋይሉን 1፣ 2፣ 3 ብለሽ ሰይመሽ ብትለቂውም ኤምፒ ስሪው ውስጥ ደራሲው የጻፈው ስም ካለ ቴሌግራም ከነስሙ ያወጣዋል። እኛ ላይ ደርሷል፣ ስውር ነው ብለን ሁሉም የማን እንደሆነ እያየ ድምፅ ሰጠ። ፎርዋርድ ስታረጊም ስሙ አብሮ ይሄዳል፣ አውርደሽ እንደ አዲስ ላኪው። ሌላው የድምፅ ከፍታ ነው፣ በኮምፒውተር የተሰራው ጮክ ብሎ ይመጣል፣ በስልክ የተቀዳው ማሲንቆ ያንሳል፣ ሰው ደግሞ ጮክ ያለውን ነው ጥሩ ነው ሚለው፣ አውቆ አይደለም ጆሮ እንደዛ ነው። ቁጭ ብለሽ አስተካክያቸው። ቅደም ተከተሉንም ለግማሹ ሰው ገልብጠሽ አሰሚ፣ መጨረሻ ላይ ሚመጣውን ዜማ ሰው ሁሌ ሰልችቶት ነው ሚሰማው። ድምፅ አሰጣጡ ላይ ፖሉን አኖኒመስ አርጊው፣ ካላረግሽው ማን ለማን እንደሰጠ ሰው ሁሉ ያያል፣ ከዛ የጎረቤት ኩርፊያ ትዳኛለሽ።

መቼ ይጠየቅ ላልሽው፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ እና ከመስቀል በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት። ከዛ ትምህርት ይከፈታል፣ ሰው ይበተናል፣ ይረሳል።

የመጨረሻው ነገር፣ የሰጡሽን አስተያየት ምን እንዳረግሽው ንገሪያቸው። እኛ ግሩፑ ላይ አንድ መልዕክት እንለቃለን፣ ይሄን ተባልን ይሄን ቀየርን፣ ይሄን ተባልን አልቀየርንም ምክንያቱም እንዲህ። ለምሳሌ በየዓመቱ ሁለት ደቂቃ ያንሳል አምስት ይሁን ይሉናል፣ እኛ እምቢ እንላለን፣ 15 ስራ ቢገባ በሁለት ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ነው፣ በአምስት ደቂቃ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፣ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል። ሽልማቱን ግን ቀይረነዋል፣ መጀመሪያ 500 ብር ካርድ ነበር፣ ለፍቅር ነው ያልነውን ነገር ያቺ 500 ብር ናት ያበላሸችው፣ አሁን ያሸነፈውን ዜማ ሌሎቹ ተሳታፊዎች በቀጥታ ተጫውተው ይሰጡታል። ሀሳቡ የመጣው ቡናው ላይ ነው፣ ማን እንዳለው እስካሁን አላውቅም። «በአበባየሆሽ ዜማ መክፈት ይከልከል» ሚለውም ከዛው ነው፣ አንድ ዓመት ከ14 ስራ 9ኙ በሱ ከፍተው ሁሉም እርስ በርሱ ተያይቶ ነበር።

አንቺ ግን አሁን ፎርሙን ዝጊና ዛሬ ሶስት ሰው ጋ ደውይ፣ ከሶስቱ ሁለቱ ያላስገቡ ይሁኑ። ደንባችሁን ደግሞ እዚሁ ለጥፊው፣ ሲ ይሁን ሚል ነገር ካለበት እኔ ነኝ ማየው። ዋሽንት ነፊው ልጅ አሁን ከኛ ጋ ነው፣ ፈቃደኛ ከሆነ እሱንም ላስነብበው።