ጠይቁ እንመልስ፦ የሚወዱትን ዘፈን ከካሴትና ከቪዲዮ ማውጣት

ከሐዋሳ አንባቢዎቻችን የደረሱን ደብዳቤዎች የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፦ የሚወዱት ዘፈን አሮጌ ካሴት ላይ ቀርቷል፣ እንዴት ይውጣ? አራቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሃያ የሚሆኑ የድሮ ካሴቶች አሉኝ። ድምፃቸው ታፍኗል፣ ግጥሙ አይለይም። ሁለቱን ደግሞ ቴፑ በላቸው። ወደ ኮምፒውተር ላስገባቸው እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?
የትዝታ ወዳጅ፣ ከሐይቅ ዳር

መልስ፦ ከቴፑ ይጀምሩ። ድምፅ ሲታፈን ሰው ሁሉ ካሴቱ አረጀ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የ«ሄዱ» ነው፤ ሄድ የሚባለው ክሩ እየነካው ሲያልፍ ድምፁን የሚያነበው የቴፑ ብረት ነው። ክሩ ባለፈ ቁጥር ቡናማ ብናኝ ሄዱ ላይ ይተዋል። ብናኙ ክሩን ከሄዱ በጥቂቱ ሲያርቀው መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፦ የዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ»፣ የክራሩ ጥርት ያለ ምት። ቴፑን ከሶኬት ይንቀሉና የጆሮ ጥጥ በአልኮል ነክረው ሄዱን፣ አጠገቡ ያለችውን ቀጭን የብረት ዘንግና ዘንጓን የሚጫነውን ጥቁር ጎማ ይጥረጉ፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ይበቃል፣ ነገር ግን የቀረው ውሃ ስለሆነ በደንብ ሳይደርቅ ካሴት አያስገቡ። ቤንዚንና ሽቶ አይሞክሩ፤ ቤንዚን ጎማውን ያሳብጠዋል።

ቴፕ ክር የሚበላው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ ጎማው ቆሽሾ ክሩ ይጣበቅበታል፣ ወይ የሚጠቀልለውን ወገን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ የወጣውን ክር የሚሰበስብ ያጣል። ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ክሩ ከባለ 60ው ስለሚሳሳ ቶሎ ይበላል። ከመቅዳትዎ በፊት እያንዳንዱን ካሴት እስከ ጫፉ ወደፊት፣ ከዚያም ወደ ኋላ ያጠንጥኑት፤ ለዓመታት ተጣብቆ የቆየው ጥቅል ይላቀቃል።

ሐይቅ ዳር እንደመኖርዎ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በካሴቷ መስኮት ሲያዩ የጥቅሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ ካለ ሻጋታ ነው። አያጫውቱት፤ ሄዱ ላይ ይቀርና ወደሚቀጥለው ካሴት ይሻገራል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጥቂት ጨምረው በሚከደን ዕቃ ሁለት ሳምንት ያድርቁትና፣ ለማዳመጥ በማይጠቀሙበት ቴፕ ደጋግመው ያጠንጥኑት። ከዚያ ያንን ቴፕ ያጽዱ።

ጽዳቱ ካልፈታው፣ ሄዱ ጎን በትንሽ ሞላ ላይ የቆመች ብሎን አለች። ካሴቱ የተቀዳበት ቴፕ ሄድ ከእርስዎ ቴፕ ሄድ ጋር አንድ ዓይነት ካላጋደለ ቀጭኑ ድምፅ ይሞታል። የብሎኗን ቦታ በማርከር ምልክት ያድርጉና ካሴቱ እየተጫወተ በቀጭን ካቻቢቴ፣ ከሩብ ዙር ሳያልፉ፣ ወዲህና ወዲያ ቀስ ብለው ያዙሯት። ድምፁ ድንገት ጥርት የሚልበት ነጥብ አለ፤ እዚያ ላይ ይተዉት። ለሌላ ካሴት ነጥቡ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለመቅዳት የላፕቶፑን የማይክ ቀዳዳ አይጠቀሙ። ብዙ ጊዜ ሞኖ ነው፣ ድምፁንም ይሰነጥቀዋል። ስቴሪዮ ላይን ኢን (ከሌላ ማጫወቻ ድምፅ የሚቀበል ቀዳዳ) ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ይፈልጉ። ቴፑ ላይን አውት ከሌለው ከኢርፎን ቀዳዳው፣ ቮልዩሙን ግማሽ ላይ አድርገው፣ የቤዝ ማጉያውን አጥፍተው። ነፃ የሆነው ኦዳሲቲ ፕሮግራም ይበቃዎታል፦ 44,100 ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ስቴሪዮ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከ−6 ዴሲቤል እንዳያልፍ። በዋቭ ሲያስቀምጡት ደቂቃው 10 ሜጋባይት ያህል፣ ባለ 60ው ካሴት 600 ያህል ይይዛል። ይህንን ቅጂ ምንም ሳይነኩ ያስቀምጡት፤ ማሳመሩን በግልባጩ ላይ ይሥሩ።

ሽሽታውን፣ ከዘፈኑ ሥር የሚሰማውን የካሴት «ሽሽሽ»፣ ለማጥፋት ብዙ አይጓጉ። የማሲንቆ ጭራ ሲፋተግ የሚያወጣው ድምፅ ከካሴቱ ሽሽታ ጋር አንድ ሰፈር ነው የሚኖረው፤ ፕሮግራሙ አይለያቸውም። 6 ዴሲቤል መቀነስ ይበቃል። ከ12 ካለፉ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ለእኛ ሽሽታው ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ ከካሴቶችዎ ውስጥ የሸክላ አሳታሚዎቹ የአምሃ ሪከርድስ ወይም የካይፋ ዘፈኖች ግልባጭ ካለ፣ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ መውጣት በጀመረው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ ታትመዋል። የግልባጭ ግልባጭ ሲያጸዱ ከመድከም እሱን መግዛት ይቀላል።

ጥያቄ፦ የምወደውን የትዝታ ዘፈን በኪቦርድ ልከተል ብል ከየትኛውም ድምፅ ጋር አይገጥምም፤ በሁለት ቁልፎች መካከል ይቀራል። ኪቦርዴ ተበላሽቶ ነው?
ጀማሪ፣ ከታቦር

መልስ፦ ኪቦርዱ ደህና ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር መሄድ አለበት፤ 3 በመቶ ሲፈጥን ድምፁ የግማሽ ድምፅን (ከአንድ ቁልፍ እስከ አጠገቡ ቁልፍ ያለውን ርቀት) ግማሽ ያህል ከፍ ይላል፣ 6 በመቶ ሲፈጥን አንድ ግማሽ ድምፅ። እርስዎ መካከል ላይ የቀሩት ለዚህ ነው። ሙዚቃ ቤት ለሙዚቃ ቤት ሲገላበጥ የኖረ ካሴት ላይ ደግሞ የየቴፑ ስህተት ይደማመራል።

ለማረጋገጥ የመብራቱን እምታ ይጠቀሙ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ እዚህ አገር ከተቀዱት ዘፈኖች ብዙዎቹ ሥር ከዚሁ መብራት የመጣ ወፍራም «እምምም» አለ። ቴፑንም ላፕቶፑንም በባትሪ አድርገው ይቅዱ፣ አለበለዚያ የሚያገኙት የራስዎን ቤት እምታ ነው። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ዝምታ መርጠው በኦዳሲቲ ስፔክትረሙን (የትኛው ድምፅ በስንት ኸርዝ እንዳለ የሚያሳየውን ሥዕል) ያውጡ፣ መጠኑን 65536 ያድርጉ። ጫፉ 51.5 ላይ ከቆመ 3 በመቶ ፈጥኗል፤ ፍጥነቱን በ2.9 በመቶ ይቀንሱ። ፒች ብቻ የሚለውጠውን ትዕዛዝ ግን አይንኩ፤ ካሴት ሲፈጥን ድምፁም ምቱም አብረው ስለሚፈጥኑ አብረው ነው መመለስ ያለባቸው።

ፍጥነቱ ተስተካክሎም ካልገጠመ ተዉት። ክራር የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ እንጂ ለኪቦርድ አይደለም፤ ይልቅ የኪቦርዱን ቲዩን ወደ ዘፈኑ ያምጡት። ቅኝቱን ለመለማመድ ከኤፍ ሻርፕ ጀምረው አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ይምቱ፤ ትዝታ ሜጀር ነው። ሦስተኛውንና አምስተኛውን፣ ማለትም ኤ ሻርፕንና ዲ ሻርፕን፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲያደርጉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ሆድ የሚያባባው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ የመጣ የኮንሰርት ቪዲዮ ካሴት አለን። ዴኩ ላይ ስናደርገው ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይንከባለላል። እዚሁ የተቀረፀው የፍቼ ጨምበላላ ካሴታችን ግን ደህና ይታያል።
እህትማማቾች፣ ከመናኸሪያ

መልስ፦ ካሴቱ አልተበላሸም። የቪዲዮ ሥርዓቱ ከአገር አገር ይለያያል፦ የእኛ ካሴት ፓል ነው፣ በሰከንድ 25 ምስል፤ የአሜሪካኖቹ ኤንቲኤስሲ፣ 30 ገደማ። ፓል ብቻ የሚያውቅ ዴክ ሌላውን አይረዳም። ባለብዙ ሲስተም ዴክ ተውሳችሁ በቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ቪዲዮን ወደ ኮምፒውተር ከሚያስገባ የዩኤስቢ መቅጃ ጋር አገናኙት። መቅጃው ላይ መጀመሪያ ኤንቲኤስሲ ምረጡ፤ ቀለሙ እምቢ ካለ ፓል 60 የሚለውን። የምስሉ ልክ ለአሜሪካው 720 በ480፣ ለፍቼው 720 በ576 ነው። ሲጨፍሩ እጃቸው ጠርዝ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ከታየ «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን አብሩ። ምስሉን 4 በ3 ተዉት፤ ለሰፊው ቴሌቪዥን ብላችሁ ከለጠጣችሁት ጨፋሪው ሁሉ ይወፍራል። መብራት ስለሚቆራረጥ ፋይሉን በኤምፒ4 ሳይሆን በኤምኬቪ ቅዱ፦ ኤምፒ4 ሳይዘጋ መብራት ከሄደ አይከፈትም፣ ኤምኬቪ እስከተቀዳበት ድረስ ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ባጃጄ ላይ ያለው ማጫወቻ 64 ጊጋ ፍላሼን አያነብም። ትንሿን ሲያነብ ደግሞ የአማርኛውን ስም በአራት ማዕዘን ሳጥን ይሞላዋል፣ ቅደም ተከተሉንም ያምታታል።
ባለ ባጃጅ፣ ከአቶቴ

መልስ፦ ትልቁ ፍላሽ ከፋብሪካ ኤክስፋት በሚባል የፋይል አደራደር ተፎርምቶ ነው የሚመጣው፤ ማጫወቻው የሚያውቀው ፋት32 ነው። 32 ጊጋ ገዝተው በፋት32 ይፎርምቱ፣ ወይም ያለዎትን ፎርማት የሚቀይር ባለሙያ ይፈልጉ። ሳጥኑ የሚመጣው ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው፤ ስሙን በላቲን ፊደል ይጻፉ። የፋይሉን ስም ቀይረው ሳጥኑ ካልጠፋ፣ የሚታየው ዘፈኑ ውስጥ የተጻፈው ታግ ነውና እሱንም ይቀይሩ። ርካሽ ማጫወቻ በፊደል ተራ ሳይሆን በተገለበጠበት ተራ ይጫወታል፤ ስለዚህ 01፣ 02 እያሉ ቁጥር ይስጡና ፍላሹን ባዶ አድርገው ከመጀመሪያው አንድ በአንድ ይገልብጡ።