ቫልቩ ውስጥ ጠጠር ያለ ይመስላል

ጥያቄ፦ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ውሃ የሚያልፍበት መቆጣጠሪያ ቫልቭ አለን። ውስጡ ጠጠር የሚንከባለል ይመስላል። ስንፈታው መዝጊያው ተቦርቡሯል። በኮምፒውተር የሠራሁት ሲሙሌሽን ግን ምንም ችግር አላሳየኝም። ለምን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የውሃውን ባሕርይ የሞላህበትን ገጽ ክፈት። ብዙ ጊዜ እዚያ የተቀመጠው የቀዝቃዛ ውሃ ቁጥር ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልህ! በ20 ዲግሪ ውሃ የሚፈላው ግፊቱ ወደ 0.023 ባር ሲወርድ ነው። በ150 ዲግሪ ግን 4.8 ባር ገደማ ላይ ይፈላል። ቫልቩ ጠባብ ቦታ ላይ ውሃው ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ስሌትህ እዚያ 3 ባር ካሳየ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ምንም አይሆንም፤ ያንተ ግን አረፋ ይሠራል። ጠባቡን አልፎ ግፊቱ መልሶ ከ4.8 በላይ ሲወጣ፣ አረፋው ብረቱ አጠገብ በኃይል ይከስማል። ድምፁም ጉድጓዱም የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ካቪቴሽን ይባላል።

ስለዚህ የ150 ዲግሪውን ቁጥር አስገባ። ፈሳሽና እንፋሎትን አብሮ የሚያሰላውን ሞዴል ተጠቀም። ሜሹን፣ ማለትም ሲሙሌሽኑ ቦታውን ቆራርጦ የሚያሰላበትን መረብ፣ በመዝጊያውና በመቀመጫው መካከል አድቅቀው፤ ሌላው ጋ ሻካራ ቢሆንም ግድ የለም። የጌጅ ንባብ (የከባቢ አየርን ግፊት የማይቆጥር) እና ፍጹም ግፊት (የሚቆጥር) እንዳይደባለቁብህ ደግሞ አደራ! ከዚያ አረፋው የሚከስምበትን ቦታ ከተቦረቦረው ብረት ጋር አስተያይ። ከተገጣጠሙ የመዝጊያውን ቅርጽ ወደ መቀየር ሂድ።