ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «አልማዝ ባለጭራ ያመጣብኝ የልጄ ሸረሪት ናት?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ 56 ዓመቴ ነው። የ19 ዓመት ልጄ አጎቱ ከሞያሌ በኩል ያመጣለትን መዳፍ የምታክል ፀጉራም ሸረሪት በፕላስቲክ ዕቃ ያኖራል። ባለፈው ሳምንት ክፍሉን ካጸዳሁ በኋላ በግራ ጎኔ እንደ እሳት የሚያቃጥል፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣብኝ፤ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ጎረቤቶቼ «አልማዝ ባለጭራ ነው፤ ሸረሪቷ ሸንታብሽ ነው፤ ጭራው ወገብሽን ዞሮ ከገጠመ አለቀልሽ» አሉኝ። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጬ አሰርኩበት፣ ቴትራሳይክሊንም ቀባሁት። ልጄ በሸረሪቷ የተነሳ አኩርፎኛል። ልግደላት?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ሸረሪቷ ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን ያ ጭራ ይመስለኛል። ከእሱ ልጀምር። ሽፍታ ዞሮ በመግጠሙ ሰው አይሞትም።

ጎረቤቶችዎ የበሽታውን ስም አልሳቱም፤ የሳቱት መንስኤውን ነው። አልማዝ ባለጭራ በልጅነታችን ጉድፍ ያወጣብን ቫይረስ ነው። ጉድፉ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም፤ አከርካሪ አጠገብ የነርቭ ሥር ውስጥ አርባ ሃምሳ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም ሕመም ሰውነትን ሲያደክም ይነቃና የአንድ ነርቭን መስመር ይዞ ወደ ቆዳ ይወጣል። የግራው ነርቭ ከጀርባ ተነስቶ ሆድ መሐል ላይ ያበቃል፤ የቀኙን ጎን አያዳርስም። ጭራ የሚመስለውም፣ ወደ ማዶ የማይሻገረውም ለዚህ ነው። ሽንት ቢሆን ኖሮ በነካበት ሁሉ ይወጣ ነበር እንጂ እንዲህ ተሰምሮ በአንድ ጎን ብቻ አይቀርም። እስቲ ያስታውሱ፤ ሽፍታው ሳይታይ በፊት ጎንዎን አልወጋዎትም? ልብስ ሲነካዎት አልቆጠቆጠዎትም? በብዙ ሰው ላይ ሕመሙ ከሽፍታው በቀናት ይቀድማል። ሸረሪት የምታወጣው ደግሞ እንደ ኖራ የነጣ ነገር ነው፤ በሳሙና ይታጠባል፣ ቆዳ አያቃጥልም። ቤት ሙሉ ሸረሪት ሲያሳድዱ ሰንብተው መድኃኒት የሚጀመርበት ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚመጡልኝ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን ያህል የማስረዝመው።

አሁን ልቆጣዎት ነው። አምስት ቀን ምን ይጠብቃሉ? የቫይረሱ መድኃኒት አሲክሎቪር በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል፤ በቁስል ላይ ቁስል ጨመሩበት። ቴትራሳይክሊን ቫይረስን አይነካም። ሁለቱንም ዛሬውኑ ይተዉ፤ በውሃና በሳሙና ቀስ ብለው አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት። አሁንም አዲስ ውሃ እየቋጠረ ከሆነ መድኃኒቱ ይጠቅምዎታልና ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የስኳርና የኤች አይ ቪ ምርመራ ቢያዝዙልዎ አይደንግጡ፣ እምቢም አይበሉ። በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሌላ ምክንያትም ይወጣል፤ የምናጣራው የተደበቀ ነገር እንዳይኖር ነው። እስኪደርቅ ድረስ ከአራስ ልጅና ጉድፍ ካልወጣባት ነፍሰ ጡር ይራቁ። ይህን የሚያነብና በግንባሩ ወይም በአፍንጫው ጫፍ የወጣበት ሰው ካለ ደግሞ ነገን አይጠብቅ፤ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ሸረሪቷን አይግደሏት፤ ፍሊትም አይንፉ። እንደገለጹልኝ ከሆነ የዝንጀሮ ሸረሪት ከሚሏቸው የአፍሪካ ታራንቱላዎች (ትልልቅ ፀጉራም ሸረሪቶች) አንዷ ሳትሆን አትቀርም፤ እግሯ የዝንጀሮ ጣት ስለሚመስል ነው። ልጅዎን ብትነክሰው በጣም ያማል፣ ያብጣል፣ ጡንቻውንም ለቀናት ሊያሸማቅቀው ይችላል፤ በንክሻዋ ሰው መሞቱ ግን አይታወቅም። በሳሙና ይጠብ፣ ቀዝቃዛ ነገር ይያዝበት፤ አይብጣው፣ አይሰረው። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከንፈሩ ካበጠ ቀጥታ ሆስፒታል። በባዶ እጁ አይንካት፤ ከእጁ ብትወድቅ የእሷም ሆድ ይፈነዳል። የምትቆፍረው ጥልቅ አፈር፣ ትንሽ የውሃ ሳህን፣ ፌንጣ ወይም በረሮ፣ በደንብ የሚገጥም ክዳን ይበቃታል። ለቆላ ፍጥረት የሱሉልታ ሌሊት ይከብዳታልና ዕቃውን ከመስኮት ያርቀው። በጀርባዋ ተንጋልላ ካዩዋትም ቆዳዋን እየቀየረች ነው፤ ሞተች ብለው እንዳይጥሏት።

ነገ ጤና ጣቢያ ብቻዎን አይሂዱ። ልጅዎ ይውሰድዎት፤ በመንገድ ላይም ያመመዎት በእሷ እንዳልሆነ ይንገሩት።